ታቦር ተራራ፣ ከመርዶው በፊት

ማክሰኞ

ሊሸኙኝ የወጡት አምስት ሰዎች ነበሩ። የወንድሜ ሚስት ዘውዴ በሩ ላይ፣ መቃኑን ተደግፋ ቆማለች። ወንድና ሴት ልጆቿ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ሻንጣዬን መሃላቸው አድርገው። የዕድራችን ዳኛ አቶ ከበደ ከአጥሩ ውጭ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው መንገዱ ዳር። ጎረቤቴ እልፍነሽ ደግሞ ከጎኔ፣ ክንዴን ይዛ። ገና አልነጋም። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደምታውቁት ነው፤ የሁላችንም ትንፋሽ ይታይ ነበር።

አቶ ከበደ ከአንድ ቀን በፊት ያሉኝን ደገሙልኝ። መርዶው ለእህቴ ማታ እንዳይነገራት። ብቻዋን ሳለችም እንዳይነገራት። መጀመሪያ ባልየውን ለብቻ አግኝቼ እንድነግራቸው፣ እሳቸው ጎረቤትና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እንዲሰበስቡ፣ ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ እንድትረዳ። ሁሉንም እሺ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድማችን ታደሰ ከሞተ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ታናሽ እህታችን ብርቄ ሐዋሳ ነው ያለችው፤ ደም ግፊት አለባት። በስልክ መርዶ አይነገርም ተባለ። በደወለች ቁጥር ታዴ ጠበል ሄዷል፣ ስልክ የማይሠራበት አገር ነው እንላት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ጠየቀችን። በሁለተኛው አንድ ጊዜ። በሦስተኛው ስለ እሱ ምንም ሳትል ዘጋች። ይህን በሆዴ ያዝኩባት። ታዴ ሲያሳድጋት፣ ትምህርት ቤት በጀርባው ሲያመላልሳት የኖረ ሰው ነው።

ሐዘንተኛ እንዳልመስል ጥቁሬን አውልቄ አረንጓዴ ሹራብ ለበስኩ። እልፍነሽ የራሷን አበባ ያለበት ሻሽ አምጥታ አሰረችልኝ። በዚህ ዕድሜዬ ወደ ሰርግ የምሄድ መሰልኩ።

የዘውዴ ልጅ አዲስ አበባ ድረስ አብሮኝ መጥቶ ቃሊቲ መናኸሪያ ከሐዋሳው አውቶቡስ አሳፍሮኝ ተመለሰ። ከጎኔ የተቀመጠችው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፤ አገሯ ጎንደር ነው። የመስኮቱን ቦታ ለቀቀችልኝ። ለመዝናናት ነው እማዬ? ብላ ጠየቀችኝ። ለጥየቃ ነው አልኳት። ሐዋሳ ሄዶ ታቦርን ሳይወጣ የተመለሰ ሰው ሐዋሳን አላየም አለችኝ። በእግሬ መውጣት እንደማልችል ነገርኳት። እሷ የምታውቃቸው የጓደኛዋ አያት በምርኩዝ እንደወጡት ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ የቋጠርኩትን ቆሎ አብረን በላን።

ከሞጆ በኋላ አገሩ ጠፍጣፋ ነው። እኛ ዘንድ መንገድ ሲባል ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል፤ እዚያ ግን ዝም ብሎ ይሄዳል። ግራር፣ አሸዋ፣ ከርቀት ደግሞ አልፎ አልፎ ሐይቅ። ዝዋይ ለምሳ ቆምን። ከሽንት ቤት ሰልፍ ስወጣ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ አየሁት። መሮጥ አልቻልኩም። ያቺ ተማሪ አንድ እግሯን ከደረጃው አውርዳ መሬት ረግጣ ቆማ ነበር። ሾፌሩ ይጮህባታል፣ እሷ ደግሞ እናቴ ናቸው ትላለች። ስደርስ ሾፌሩ፣ «ልጅዎ ባትኖር ዝዋይ ያድሩ ነበር» አለኝ። ልጄ አይደለችም አላልኩም።

ሐዋሳ የደረስነው ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ ነው። የብርቄ ባል አቶ ማቴዎስ መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ከግብርና ቢሮ ጡረታ የወጡ የሲዳማ ተወላጅ ናቸው፤ እኔ ክራቫት ሳያስሩ አይቻቸው አላውቅም፤ በዚያ ሙቀትም አስረዋል። «ዳኤ ቡሹ፣ እትዬ አስካለ» አሉኝ፤ እንኳን ደህና መጡ ማለት ነው። ሻንጣዬን ተቀብለው ባጃጅ ላይ አሳፈሩኝ። ታቦር ሰፈር፣ ተራራው ሥር ነው ቤታቸው።

ብርቄ ከግቢው ወጥታ ጠበቀችኝ። ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ጉንጯ ግን ያው ነው። አንገቴን ይዛ ብዙ ቆየች።

እራት ሳይቀርብ አቶ ማቴዎስን ለብቻ ላገኛቸው ሞከርኩ። ላናግርዎት ፈልጌ ነበር ስላቸው የውጭውን በር ልዝጋ ብለው ወጡ። ተመልሰው ሲመጡ እንደገና ጀመርኩ፤ በሩን መዝጋታቸውን ተጠራጥረው ሄዱ። ሦስተኛ ጊዜ ስሞክር፣ «ነገ፣ እትዬ፣ ነገ ይደርሳል» አሉኝ። የመንገድ ድካሜን አይተው ያዘኑልኝ መሰለኝ።

ረቡዕ

እኛ አገር ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ ነው የምተኛው። እዚያ በአንድ አንሶላ አደርኩ፤ እሱንም ገፍፌው ነው የነቃሁት።

ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ ለባብሼ ተቀመጥኩ። አቶ ማቴዎስ ራሳቸው ገምተው ሰው ሰብስበው እንደሆነ ብዬ መስኮት ከፈትኩ። ግቢው ውስጥ ብርቄ ብቻ ናት፤ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ፣ ጫማዋን አድርጋ። ሐይቁ ሳይሞቅ መታየት አለበት አለችኝ። ባልሽስ ብላት ከተማ ጉዳይ አለባቸው፣ ወጥተዋል አለችኝ። በሌሊት ምን ጉዳይ ይኖራል ብዬ አልጠየቅሁም።

የሐይቁ ዳር በዛፍ የተሸፈነ የእግር መንገድ አለው። ሰው ስፖርት ይሠራል፣ ዓሣ አጥማጆች ከጀልባ ይወርዳሉ። አባ ኮዳ የሚሏቸው ወፎች አሉ። ቁመታቸው የልጅ ያህላል፤ ራሰ በራ ናቸው፤ ክንፋቸውን እንደ ካፖርት ደርበው፣ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው የቆሙ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። ብርቄ ክንዴን ነካ አድርጋ፣ «እታለም፣ አቶ ከበደን አይመስሉም?» አለችኝ። አንደኛው በዚያው ጊዜ አንገቱን ወደ ትከሻው ሰብስቦ ሰው የሚገሥጽ መስሎ አየን። ሳቅሁ። ከቀብር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ወዲያው ግን ይዤው የመጣሁት ነገር ትዝ አለኝና አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

በየጥላው ሥር ዓሣ ይጠበሳል። ሽታው ያስጎመጃል። እኔ ረቡዕ ዓሣ አልበላም፤ እሷ ጴንጤ ከሆነች ስንት ዘመኗ ነው። ትብላ ብዬ፣ አንቺ ብዪ እኔ እቀመጣለሁ አልኳት። አልበላችም። ቤት ስንመለስ ሽሮ የሚፈላበት አዲስ ድስት አሳየችኝ። ቅቤ ያልነካው ድስት እንዲሆን ብላ ለእኔ ስትል የገዛችው ነው፤ ማማሰያውም አዲስ ነው። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ። እኔ ምን ይዤላት እንደመጣሁ ታስቡታላችሁ።

ታዴ እንዴት ነው ብላ የጠየቀች እንደሆነ የምመልሰውን አዘጋጅቼ ነበር። ጠበሉ ተስማምቶታል፣ ፊቱ መለስ ብሏል። ቀኑን ሙሉ አልጠየቀችም። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አቮካዶ ዛፋቸው፣ እናታችን ትሠራው ስለነበረው የገብስ ጠላ አወራች። እኔም አወራሁ። ወጉን ትቼ ምሳ ላይ እነግራታለሁ ብዬ ነበር፣ ጎረቤት መጣ። ከሰዓት በኋላ አልኩ፣ ጋደም አለች። አቶ ማቴዎስ የተመለሱት ሲመሽ ነው፤ ሲመሽ ደግሞ ለእሷ አይነገርም፣ እሳቸውንም ለብቻ አላገኘኋቸውም።

ብርቄ ሐሙስ ጠዋት ታቦር እንወጣለን አለች። ደም ግፊትሽስ አልኳት። ሐኪሙ መሄድ ጥሩ ነው ብሏታል።

አቶ ከበደ ደውለው ተነገራት ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልተመቸኝም አልኩ። ይህ ቀልድ አይደለም አሉኝ።

ሐሙስ

ታቦር ተራራ የሚባለው እኛ ብናየው ጉብታ እንለው ይሆናል። ነገር ግን ከጠፍጣፋ መሬት ብቻውን ስለተነሣ ትልቅ ይመስላል። መንገዱ ከቤቶቹ ጀርባ ይጀምራል፤ ቀይ አፈር፣ ጠጠር፣ ቁጥቋጦ ነው። ተማሪዎች እየሮጡ ያልፉናል፤ እማዬ በርቱ ይሉናል።

አቶ ማቴዎስ ከፊት፣ ብርቄ ከመሃል፣ እኔ ከኋላ ነበርን። ታማሚዋ ሜዳ ላይ የምትሄድ ያህል ቀለል ብሏት ትሄዳለች። ጤነኛዋ እኔ በየሃያ እርምጃው እቆማለሁ። ብርቄ ዞር እያለች፣ የደብረ ብርሃን ሰው ተራራ ያውቃል ሲባል እሰማ ነበር እያለች ትነካካኛለች። ብርድ ላይ ነው የምናውቀው አልኳት።

ከግማሽ በላይ እንደወጣን የቀኝ ጫማዬ ሶል ከፊት በኩል ተገነጠለ። ስራመድ እንደ አፍ ይከፈታል። ልመለስ አልኩ። አቶ ማቴዎስ ተንበርክከው አዩት። አንድ ቃል ሳይናገሩ ክራቫታቸውን ፈቱ፤ ጫማዬን ከነእግሬ ሁለት ዙር ጠምጥመው አሰሩት። ሰማያዊ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ክራቫት ነው። ብርቄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሠላሳ ዓመት ከአንገታቸው ላወልቀው ስታገል፣ አንቺ በአንድ ቀን አስወለቅሽው አለችኝ። በክራቫቱ ትንሽ ሄድን፤ ግን ተንሸራተተ። አንድ ሰፊ ድንጋይ አጠገብ ስንደርስ አቶ ማቴዎስ እዚህ ጠብቁኝ፣ ከቤት ጫማ ላምጣ ብለው ወረዱ። አይሆንም ብንላቸውም አልሰሙንም። አንገታቸው ባዶ ሆኖ ሲወርዱ ሌላ ሰው ይመስሉ ነበር።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። ከፊታችን ሐይቁ ነው፤ ጠዋት ስለሆነ ግራጫ ነው፣ ጀልባዎቹ ነጥብ ነጥብ ይመስላሉ። በሌላው ጎን የከተማው ቆርቆሮ፣ ቀጥ ያሉት መንገዶች፣ ዘንባባዎቹ። ሰው አልነበረም። ብቻዋን ሳለች እንዳይነገራት እንደተባልኩ አልረሳሁም። ግን ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ብዋሻት ራሴን የምጠላ መሰለኝ።

«ብርቄ፣ የመጣሁበት ጉዳይ አለ» አልኳት።

ዐይኗን ከሐይቁ አላነሳችም። «አውቃለሁ፣ እታለም። እዚህ አትንገሪኝ።»

እጄን ያዘች። እንዴት እንዳወቀች ቀስ ብላ ነገረችኝ። ታዴ በሞተ በሳምንቱ ገበያ ወጥታ ነበር፤ ከደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ እያመጣ የሚሸጥ የሚያውቃት ሰው አለ፣ እሱ ከሩቅ አይቷት ተነሥቶ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ አላት። የተረዳች መስሎት ነው። እሷም አሜን ብላ፣ ብርድ ልብስ እንደሚገዛ ሰው ትንሽ ቆማ፣ ቤቷ ገብታ ለባሏ ብቻ ነገረች። እንዳያወጡትም አስማለቻቸው። ሰውየው መዋሸት ስለማይችሉ ማክሰኞ ማታ በር ሲዘጉ ያመሹት ለዚህ ነው፤ ረቡዕም ከተማ ውስጥ ካፌ ለካፌ ሲዞሩ ነው የዋሉት።

ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት። ትንሽ ተቆጥቼም ነበር።

«በሠላሳ ዓመት ሁለት ጊዜ መጣሽ» አለችኝ። «አንዴ አማቴ ሲሞቱ፣ አንዴ ልጄ ስትሞት። ሁለቱንም ጊዜ ፍራሽ ላይ ተቀምጠን፣ በሰው ተከብበን ነው የተያየነው። ልትመጪ ነው ሲሉኝ ለምን እንደምትመጪ ገባኝ። አንዴ ከነገርሽኝ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ አንቺን አላገኝሽም። ሁለት ቀን ሰረቅሁ፣ እታለም። ሌላ ምንም አላደረግሁም።»

እውነቷን ነው። መንገዱ ረጅም ነው፣ ቤቱ ሰው የለውም፣ ዓመት በዓሉ ይለፍ፣ ክረምቱ ይውጣ ስል ነው ሠላሳው ዓመት የሄደው። ታዴም እንደኔ ነበር። በየፋሲካው ዘንድሮ ሐዋሳ እወርዳለሁ ይላት ነበር በስልክ።

«ነገ ጠዋት እንደ ወጉ ንገሪኝ» አለችኝ። «ዛሬ ታዴ ጠበል ነው።»

እሺ አልኳት።

አቶ ማቴዎስ ጫማ ይዘው መጡ። የብርቄ የቤት ጫማ ነው፤ ትንሽ ይጠበኛል፣ ግን ሶሉ ጠንካራ ነው። ሁለታችንንም ተራ በተራ ተመለከቱ፤ ብርቄ ራሷን ነቀነቀችላቸው። ረጅም ትንፋሽ አውጥተው፣ «ተመስገን ጌታዬ። ካፌ ሰልችቶኝ ነበር» አሉ።

ጫፉ ላይ ወጣን። ነፋስ አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አገሬ ያለሁ መሰለኝ። ከዚያ ላይ ሐይቁ ዳር እስከ ዳር ይታያል።

ታዴ ዕድሜውን ሙሉ የከተማችን ውሃ አገልግሎት ሠራተኛ ነበር። ውሃ የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነው፤ በፈረቃ ለየሰፈሩ ሲያዳርስ፣ በየመንገዱ ሰው ሲቆጣው ነው የኖረው። ብርቄ ሐይቁን እያየች፣ ታዴ ይህን ሲያይ ምን ይላል አለችኝ። ይላል አለች እንጂ ይል ነበር አላለችም።

«ይህን ሁሉ ውሃ ያለ ቆጣሪ ነው የተዋችሁት ይላል» አልኳት።

«ደግሞስ ለየትኛው ቀበሌ ነው የተለቀቀው ይላል» አለች።

«ክፉኛ ይቆጣል።»

«ጫማሽንም አይቶ ይቆጣል። አንቺ ሴት፣ በዚህ ጫማ ተራራ ይወጣል? ይላል። ከዚያ ራሱ ይዞሽ ይወርዳል።»

እንዲህ እያልን ብዙ ተቀመጥን። ምን እንደሚበላ፣ ሙቀቱን እንደማይችለው፣ አባ ኮዳዎቹን እንደሚያባርር፣ ከአቶ ማቴዎስ ጋር ስለ ቧንቧ ሲከራከር እንደሚመሽ አወራን። አቶ ማቴዎስ ትንሽ ራቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። ፀሐይዋ ስትበረታ ብርቄ እንውረድ አለች። እኔ ትንሽ እንቆይ አልኳት። ቆየን። ከዚያ እንደገና እንውረድ አለች።

ዓርብ

ጎሕ ሲቀድ መጡ። ሁለት የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች፣ መጋቢው፣ ከግራና ከቀኝ ያሉት ጎረቤቶች፣ አንዲት ነርስ። ሁሉም ቀስ ብለው እየረገጡ ገብተው ሳሎኑ ውስጥ ቆሙ። አቶ ማቴዎስ ክራቫታቸውን መልሰው አስረዋል። ብርቄን ከመኝታ ቤቷ ጠሯት። የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች፣ ፀጉሯ ሳይታሰር ወጣች። ሰዎቹን አየች፣ እኔን አየች።

የምናገረው እኔ ነኝ። «ብርቄ፣ ታዴ ዐርፏል» አልኳት።

ቀድማ ታውቀዋለች ብዬ ነበር የተናገርኩት። የወጣው ጩኸት ግን ያላወቀ ሰው ጩኸት ነበር። ሁለት ሴቶች ያዟት። እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ ያለቀስኩት እንዳልሆነ ሆኖ እንደ አዲስ አለቀስኩ። እነሱ መዝሙር ጀመሩ፤ እኛ እንደምናደርገው ሙሾና ደረት መምታት የለም። ለብቻዬ ጮኼ ስለነበር ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

ከዚያ በኋላ ነርሷ ወደ ጎን ወስዳኝ፣ ጎበዝ ነዎት፣ ቀስ ብለው ስለነገሯት ነው ግፊቷ ያልጨመረው አለችኝ። አቶ ከበደም በስልክ፣ በሥርዓቱ ስለተነገራት ዕድሩ አመስግኖሻል አሉኝ።

ቅዳሜና እሑድ

ፍራሽ ተነጠፈ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። በሰፈሩ የሚኖሩ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች፣ የገበያ ሰዎች፣ የግብርና ቢሮ ጡረተኞች መጡ። ብርድ ልብስ ሻጩም መጥቶ ከሁሉ አጥብቆ አለቀሰ፤ ብርቄ ቀና ብላም አላየችው። የአቶ ማቴዎስ ዘመዶች ከገጠር ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው አመጡ። አንዲት አሮጊት አማርኛ አይችሉም፤ ከጎኔ ተቀምጠው በየጊዜው ጉልበቴን መታ መታ ያደርጉ ነበር። እኔም የእሳቸውን መታሁ።

ብርቄ ከፍራሹ ማዶ ናት። በመሃላችን ስምንት ዘጠኝ ሰው አለ። አንዳንዴ ትመለከተኛለች። ውሃ ስጡልኝ ትላለች፤ ውሃው ይመጣልኛል።

ሰኞ

የታዴ አርባ ስለተቃረበ አገሬ መመለስ ነበረብኝ። እህል ማስፈጨት፣ ድግሱን ማደራጀት የእኔ ነው። አቶ ማቴዎስ ሻንጣዬን አውጥተው ባጃጁ ላይ አድርገዋል።

ሐዘንተኛ እንግዳ አይሸኝም፤ ስለዚህ ወደ እሷ እኔ ሄድኩ። ፍራሹ ላይ ጎንበስ አልኩ። ቦታ እንዲለቁልኝ ሁለት ሴቶች ጠጋ ጠጋ አሉ። ጉንጯን ሳምኳት። ሌሊቱን ሳስበው ያደርኩት አንድ ነገር ነበረኝ፤ መቼ ተመልሼ እንደምመጣ፣ በምን ወር፣ ማንም ሳይሞት። አፌን ስከፍት ከግቢው ለቅሶ ተሰማ። ከይርጋለም የመጡ አዲስ ለቀስተኞች ናቸው፤ በሩን ሞልተው ገቡ። ብርቄ ፊቷን ወደ እነሱ መለሰች።

ተነሥቼ ቦታውን ለቀቅሁላቸው። ነጠላዬን አስተካክዬ በሰዎቹ መሃል ወደ ውጭ ወጣሁ።